የእናቴን ፍንጭት ጭምር ለመለሱልን የጥርስ ሐኪም የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን፣ ቀጥሎም እናቱ ወይም አባቱ ጥርሳቸውን ጨርሰው ለተቸገሩበት ሰው ሁሉ ለመጠቆም ነው። እናቴ ዛሬ የላይም የታችም ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ አላት፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ስትስቅ ቢያያት የራሷ ጥርስ አለመሆኑን አይጠረጥርም። እዚህ እስክንደርስ ያየነው መከራ ግን ቀላል አልነበረም።

እናቴ የደብረ ታቦር አካባቢ ልጅ ናት። በእሷ ዘመን እንደነበሩት ብዙ ልጃገረዶች ድዷን ተነቅሳለች፤ የላይኛው የፊት ጥርሶቿም ፍንጭት ነበሩ። አባቴ በሕይወት ሳለ ያንን ፍንጭት ሲያነሣ እየሰማን ነው ያደግነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የስኳር ሕመሟና የድድ በሽታ ተባብረው ጥርሶቿን አነቃነቁባት፤ በመጨረሻም የቀሩት ሁሉ መነቀል ነበረባቸው።

መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ ቁስሉ በቅጡ ሳይድን ልክ ወሰዱላት። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድዱም ሆነ ከሥሩ ያለው አጥንት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ እየጎደለ ቅርጹ እንደሚለወጥ የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ጥርሱ ሲመጣ ልኳ መስሎ ቆየና ብዙም ሳይሰነብት አፏ ውስጥ ይንሸራተት ጀመር። ስንመለስ የተሰጠን መልስ «ይለምዱታል» የሚል ብቻ ነበር። መልኩም ቢሆን የእሷ አልነበረም፤ ጥርሶቹ አለልክ የነጡና ሁሉም እኩል የተቆረጡ ነበሩ፣ ሰው ሠራሹ ድድ ደግሞ እንደ ማስቲካ ሮዝ ስለነበር ከተነቀሰው ድዷ ጋር ጨርሶ አልገጠመም። ሌላ ቦታ ሄድን። እዚያም አዲስ ሠርተው አስከፈሉን፤ ቆረቆረኝ ባለች ቁጥር እየሞረዱ አቀጠኑትና አንድ ቀን ዳቦ ስትበላ ለሁለት ተሰነጠቀ። ይዘንላቸው ስንሄድ በአያያዝ ጉድለት ነው ብለው ተራ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት እናቴን ወቀሷት። የወጣውን ገንዘብ ረስቼዋለሁ፤ ያን ወቀሳ ግን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሰርግም ማኅበርም መሄድ ተወች። ከእኛ ከልጆቿ ጋር ስታወራ እንኳ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ምግቧም ፍትፍትና አጥሚት ሆነ፤ ቆሎ ለሰው እያቀረበች ራሷ አታነሣም። «በቃኝ፣ ከእንግዲህ ማንም አፌን አይነካውም» ብላ ቆርጣ ስለነበር፣ አንዲት ጎረቤታችን እዚሁ አዲስ አበባ ስለሚሠሩ ሐኪም ስትነግረን እሺ ለማሰኘት ብዙ ለመንናት።

እኚህ ሐኪም መጀመሪያ ያደረጉትን አልረሳውም። ሌሎቹ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ እሷን እንደሌለች ይቆጥሯት ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እናቴ አስጠግተው «እናቴ፣ በፊት ጥርስዎ ምን ዓይነት ነበር? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አሏት። እሷም ስለ ፍንጭቷ ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ በወጣትነቷ የተነሣችውን ፎቶግራፍ ይዘን እንድንመጣ ጠየቁን። የቀድሞው ጥርስ ያቆሰለው ድዷ እስኪሽር ልክ እንደማይወስዱም በግልጽ ነገሩን፤ መቸኮል እንደሌለብን ያስረዱን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልክ አወሳሰዱና በላብራቶሪ የሚደረገው ሥራ ለእኔ የሚገባኝ ነገር ስላልሆነ አልፈዋለሁ። ያየሁትን ልናገር። 16 ዓይነት ቀለም ያለውን የናሙና ጥርስ ይዘው እናቴን ወደ መስኮቱ አመጧት፤ የመብራት ብርሃን ቀለም ያሳስታል ብለው በቀን ብርሃን ነው የመረጡላት፣ የመረጡትም ለዕድሜዋ የሚስማማ ፈዘዝ ያለ ነው። ጥርሶቹ ገና በሰም ላይ ተደርድረው ሳለ አፏ ውስጥ አስገብተው መስታወት ሰጧት። ይህ ሙከራ በፊት በሄድንባቸው ቦታዎች ጨርሶ አልተደረገልንም። እናቴ ረጅም ጊዜ ተመለከተችና ፍንጭቱ ጠበብ ማለቱን ተናገረች፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ሰሙን አሙቀው በእጃቸው አሰፉላት። ቀጥለው በቃሏ የምታውቀውን እንድትል ጠየቋት፤ እሷም አቡነ ዘበሰማያትን ደገመች። ሰ እና ዘ ላይ ድምፅዋ ሲያፏጭ ይሰሙና ያስተካክላሉ፣ እንደገና ያስደግሟታል። በሥራቸው እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሙያ ከዚያ በፊት አላየሁም። ጥርሱን የሚሠሩት የላብራቶሪ ባለሙያም የድዱን ቀለም ለማየት ራሳቸው መጥተው እናቴን አገኟት፤ እንዴት እንዳደረጉት ባላውቅም ሰው ሠራሹን ድድ ወደ ንቅሳቱ ጠቆር አድርገው አመሳሰሉት።

ሐኪሙ ሁሉ ነገር ፍጹም ይሆናል ብለው አላታለሉንም። የላይኛው ሰፊውን ላንቃ ተደግፎ በምራቅ አማካይነት ስለሚጣበቅ ጠንክሮ እንደሚይዝ፣ የታችኛው ግን መቀመጫው ጠባብ ከመሆኑም በላይ ምላስ ስለሚገፋው ትዕግሥትና ልምምድ እንደሚፈልግ አስቀድመው ነገሯት። እውነትም በመጀመሪያው ሰሞን የታችኛው ቆርቁሯታል፤ ሄዳ በነገረቻቸው ጊዜ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካክለውላታል፣ አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረም። ማታ አውልቃ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንድታሳድረው፣ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና እንድታጥበው፣ ቅርጹን ስለሚያጣምመው ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው፣ ከቆረቆራትም ማንም ቤት ውስጥ እንዳይሞርደው አስጠንቅቀዋታል። ድዷ ከጊዜ ጋር ስለሚለወጥ እየተመላለሰች እንድትታይም ቀጠሮ ሰጥተዋታል።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ድፎ ዳቦውን ራሷ ቆርሳ ከእኛ እኩል በላች፤ በእንግዶች ፊት ሳቀች፣ ነጠላዋም ትከሻዋ ላይ ነበር። ታላቅ እህቷ «ፍንጭትሽ ተመለሰ እንዴ?» ብላ ስትጮህ ቤቱ በእልልታ ተሞላ።

ዶክተር፣ የላብራቶሪው ባለሙያም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ስማችሁ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቃችሁኝ አላወጣሁትም፤ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ግን በግል አድራሻችሁን እሰጣለሁ። ወላጆቻችሁ የተቸገሩባችሁ እባካችሁ ሂዱ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ሌላ ቦታ የምትሄዱ ከሆነም ጥርሱ በሰም ላይ ሳለ ሳይሞከር እንዲጠናቀቅ አትፍቀዱ፤ የድሮ ፎቶግራፍ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚናገሩትም እናንተ ሳትሆኑ እነሱ ራሳቸው ይሁኑ።