ኤም.ቢ.ኤ ወይስ ንግዱ ራሱ፦ ገንዘብዎንና ጊዜዎን በየትኛው ላይ ያውሉ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ሰሞን በቀድሞው የግዢ ዋጋ ላይ የተለመደ ትርፉን ጨምሮ የሸጠ አስመጪ፣ መዝገቡ አትራፊ ነህ ቢለውም፣ በሰበሰበው ገንዘብ መጋዘኑን መልሶ መሙላት አይችልም ነበር። የመርካቶ ነጋዴ ይህን አደጋ «ዕቃው ዛሬ ቢመጣ ስንት ያወጣል?» በሚለው ጥያቄው ያውቀዋል። ኤም.ቢ.ኤ (የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ) የሚጨምረው ያንኑ ዕውቀት በጥሬ ገንዘብ ፍሰት ሠንጠረዥ አስፍሮ ለባንክና ለሸሪክ የማስረዳት ችሎታ ነው፤ ብድር ለሚጠይቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በአመራር ረገድ ግን ትምህርቱ ይሳሳል። ተማሪው የአንድን ድርጅት ችግር አንብቦ በሥራ አስኪያጁ ቦታ ሆኖ ይወስናል፤ ውሳኔው ቢሳሳት የሚያጣው ነጥብ እንጂ ደንበኛ አይደለም። ለአክስት ልጅ ዱቤ መከልከልን የሚያስተምር ኮርስ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሦስተኛው አማራጭ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት ኤምፕሬቴክ በተባለው የሥራ ፈጣሪዎች ማሠልጠኛ ዘዴ የሚሰጠው የስድስት ቀን ሥልጠና ነው። ትኩረቱ በባሕርይ ላይ ነው፤ ግብ ማስቀመጥን፣ የተመዘነ አደጋ መጋፈጥንና ጽናትን ያለማምዳል፤ የሒሳብ አያያዝን በጥልቀት እንዲያስተምር ግን አይጠበቅም።

ገና ምንም ሸጠው የማያውቁ ከሆነ፣ ከአጭሩ ሥልጠና ተነሥተው በትንሽ ካፒታል ወደ ገበያ ቢገቡ ይሻላል እላለሁ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ የግል ንብረትን ከንግዱ ዕዳ ለይቶ መጀመር ይቻላል። ሠራተኞች ቀጥረው፣ ሒሳቡ ከእጅዎ እየወጣ ከሆነ፣ የማታው ኤም.ቢ.ኤ ዋጋውን ያወጣል፤ ቀን የገጠመዎትን ማታ ይጠይቃሉና። በባንክ ወይም በግብረ ሠናይ ድርጅት የኃላፊነት ዕድገት ለሚፈልግ ደግሞ ዲግሪው ራሱ መስፈርት ስለሚሆን ብዙ ማወዳደር አያስፈልገውም።

ከመመዝገብዎ በፊት ፕሮግራሙ በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያረጋግጡ፤ የመመረቂያ ጥናትዎን በራስዎ ድርጅት ላይ መሥራት ይፈቀድልዎ እንደሆነም ትምህርት ክፍሉን ይጠይቁ።