ልንገረው ወይስ ልተወው? መገናኛ አካባቢ ያለ የምክር ቢሮ

እጮኛዬ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መደፈሬን ግን አያውቅም። ልንገረው አልንገረው ስል እንቅልፍ አጣሁና መገናኛ አካባቢ ወዳለ የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ ሄድኩ።

መጀመሪያ ቅሬታዬን። እንግዳ ተቀባይዋ ሰው በሞላበት «ለምን ጉዳይ ነው?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ይሄ ነውር ነው። ግድግዳውም ስስ ነው፤ የጎረቤት ቢሮ ስልክ ይሰማል።

አማካሪዋ ግን አንደኛ ናት። «ንገሪው»ም «ደብቂው»ም አላለችኝም። «የመናገር ዕዳ የለብሽም» ብላ ወረቀት ሰጠችኝና እሱ እንዲያውቅ የምፈልገውን ብቻ አስጻፈችኝ። የጻፍኩት ይሄንን ነው፦ ተደፍሬያለሁ። ከኋላ በድንገት ሲነኩኝ እደነግጣለሁ። «ማን ነው?» ብለህ አትጠይቀኝ። ዝርዝሩን ለራሴ ማስቀረት እንደምችል እስከዛሬ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለተደፈረች ሴት ወሬ ሲነሳ ምን እንደሚል ቀድሜ እንዳዳምጠውም መከረችኝ። አዳመጥኩት፤ «ምን ለብሳ ነበር?» አላለም። (እናቴ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነበር።)

ዋጋው ለደሞዝተኛ ይከብዳል። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ልነግረው ወስኛለሁ። ቀጣዩን የምክር ቀጠሮዬን በምነግረው ቀን ማግስት አስይዣለሁ፤ ምን እንደሚል አይታወቅማ።