ቲካ ቲ3ኤክስ ከ14 ወራት በኋላ፦ ምላጩን ላቅልለው ወይስ እንደመጣ ልተወው?

ፊንላንድ ውስጥ ሪሂማኪ ከተማ የሚሠራውን ቲካ ቲ3ኤክስ ላይት የአደን ጠመንጃ ከገዛሁ 14 ወራት ሆነኝ። በኮሎራዶ ተራሮች ሁለት የአጋዘን ወቅቶችን አድኜበታለሁ፤ በተኩስ ሜዳም ከ400 በላይ ጥይት ተኩሼበታለሁ። የመዝጊያው ልስላሴም ሆነ የአነጣጠሩ ትክክለኛነት ከጠበቅሁት በላይ ስለሆነ በእነርሱ ላይ አልቆይም። በሰፊው መጻፍ የምፈልገው ስለ ምላጩ ነው፤ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት የተረዳሁት በሁለተኛው ዓመት ነውና።

ጠመንጃው እጄ ሲገባ ምላጩን ለመሳብ የሚያስፈልገውን ኃይል በሚለካ ሚዛን አሥር ጊዜ ስቤ አማካዩን ስወስድ 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ አገኘሁ። ጠመንጃው ራሱ ያለ መነጽር 3 ኪሎ አይሞላም። እንዲህ ቀላል በሆነ መሣሪያ ላይ ጣት የሚያሳርፈው ኃይል ሲበዛ፣ ሰደፉ ትከሻ ላይ በደንብ ካልተደገፈ በስተቀር ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት አፈሙዙ ጥቂት ይሸሻል። በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ጠረጴዛ ላይ ለሚተኩስ ሰው ይህ እምብዛም አይታወቀውም፤ ተንበርክኮ ወይም ዛፍ ተደግፎ የሚተኩስ ግን በ200 ሜትር ላይ ኢላማው ይነግረዋል።

ፋብሪካው ምላጩ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ባለው ክልል እንዲስተካከል ፈቅዷል። ጥይቱን፣ ካዝናውንና መዝጊያውን አውጥቼ ባዶነቱን በዓይኔም በጣቴም ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ማስተካከያዋን ብሎን በብሩጎላ አላልቼ ወደ 1 ኪሎ አወረድሁት። ይህች ብሎን የምትለውጠው የምላጩን ሞላ (ስፕሪንግ) ጫና ብቻ ነው። ምላጩ ሲሳብ የሚላቀቁትን ጥርሶች በሞረድ ማሳሳት ግን ፈጽሞ ሌላ ሥራ ነው፤ ጥርሶቹ የሚነካኩበት ስፋት ካነሰ ጠመንጃው ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ራሱ ሊተኩስ ስለሚችል፣ ያንን ለሠለጠነ የመሣሪያ ጠጋኝ መተው ግዴታ ነው።

በ100 ሜትር የአምስት ጥይቶቼ ስፋት ከ4 ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ጠበበ፤ በዚያ ውጤት ተማምኜ ወደ ተራራው ወጣሁ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ በረዶ በጣለበት ማለዳ፣ አንድ ወንድ አጋዘን 150 ሜትር ላይ ቆሞ አገኘሁ። ወፍራም ጓንት አድርጌ፣ የደህንነት ቁልፉን ከፍቼ፣ ምላጩ የት እንዳለ ለመለየት ብቻ ጣቴን አስጠጋሁ፤ የመነጽሩ መስቀል የእንስሳው ደረት ላይ ሳይረጋ ተኩሱ ወጣ። ጥይቱ ከሆዱ ሥር በረዶውን በተነው። ቆስሎ እንዳይሆን ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ዱካውን ተከተልሁ፤ የደም ጠብታ አልነበረም። ያም ሆኖ ጥይቱ አንድ ጋት ከፍ ቢል ኖሮ ያ እንስሳ ሆዱ ተመትቶ ለቀናት ይሰቃይ ነበር፤ ይህ እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

በጋውን ብሎኗን እያጠበቅሁ በጓንትም ያለ ጓንትም ሞከርሁ፤ 1.2 ኪሎ ላይ ጓንቱ አሁንም ሲያታልለኝ 1.4 ላይ ግን የምላጩን መቋቋም በግልጽ ለየሁት፤ የኢላማው ስፋትም ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አልራቀም። አጎቴ በልጅነቴ ባዶ ምንሽር አስይዞ «ምላጭ አይጎተትም፤ ይጨመቃል» ሲለኝ የነበረው ትርጉም የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ለመጭመቅ እኮ የሚቋቋም ነገር ያስፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ባዶውን ጠመንጃ ወጥሬ ሰደፉን የጎማ ምንጣፍ ላይ እመታለሁ፤ መዝጊያውን በኃይል እዘጋለሁ፤ የደህንነት ቁልፉን ቆልፌ ምላጩን ከሳብሁ በኋላ ቁልፉን እከፍታለሁ። በአንዱም መርፌው መልቀቅ የለበትም። ይህን ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አድርጎ የሚያይ ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሬሚንግተን ከ2006 ጀምሮ የተሠሩ የሞዴል 700 እና የሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎቹን መልሶ መጥራቱን ያስታውስ፤ ሰበቡ በምላጩ ውስጥ በመገጣጠም ጊዜ የተረፈ ማጣበቂያ ነበር።

ስለዚህ ለተራራ አደን ማስተካከሉን እመክራለሁ፤ ልኩ የሚወሰነው ግን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሚታደንበት ብርድና ጓንት ነው። ዘይትም በዝቶ አይቀባ፤ በብርድ ይረጋና ምላጩን ያዘገየዋል። ባለፈው ወቅት አንድ አጋዘን በ170 ሜትር በአንድ ጥይት ጣልሁ። ብሎኗ ላይ ያኖርሁት የጥፍር ቀለም ነጥብ ዛሬም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ሚዛኑም 1.4 ያነብባል።