በፍሪሲዮን ለተቃጠላችሁ ሁሉ፦ የሱሉልታውን ጋሼ እወቁልኝ

ይህን ከፋሲካ ጀምሮ ልጽፍ ስል ነው የቆየሁት። ወተት ሥራ ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ ልጆቹ ጣሳ አጥበው ስለጨረሱ ቁጭ ብያለሁ። የምጽፈው የመኪናዬን ፍሪሲዮን፣ ያቺን በግራ እግር የምትረገጠውን፣ ሞተሩን ከማርሹ የምታገናኘውን፣ የሠሩልኝን የሱሉልታ መካኒክ ለማመስገን ነው። እንደኔ ከጋራዥ ጋራዥ የተንከራተተ ሰው ካለ ደግሞ መንገድ ላሳየው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ቶዮታ ሀይሉክስ ናት፣ ናፍታ፣ 2.5 ሞተር። የወንድሜ ነበረች። ዱባይ ሲሄድ ትቶልኝ ሄደ፣ “ስጦታ ነው” ብሎ። ስጦታው ምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ወንድሜ መኪና ካልነካካ እንቅልፍ አይወስደውም። ቱርቦውን ለውጧል፣ ኢንተርኩለር ጨምሯል፣ ጭስ ማውጫውን አስፍቷል። ሞተሩ ጎን ደግሞ የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ነገር አስገጥሟል። ቺፕ ነው የሚላት፣ የሞተሩን ጉልበት የምትጨምር። “አንበሳ ናት!” ይለኛል በስልክ። አንበሳስ አንበሳ ናት። እኔ ግን የምፈልገው በቅሎ ነበር።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ጠዋት ከጫንጮ አካባቢ ወተት ሰብስቤ አዲስ አበባ አደርሳለሁ። ስመለስ ባዶዬን አልመጣም። ፉርሽካና ፋጉሎ ጭኜ ለዚያው ለገበሬዎቹ አመጣለሁ። ጣጣው መመለሻው ላይ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ፣ አሥር አሥራ ሁለት ኩንታል ተሸክሞ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ መንገድ የሚመላለስ ያውቀዋል። አየሩ ይሳሳል፣ ዳገቱ ግን አይሳሳም።

ጥቅምት ላይ መኪናዋ ዳገቱ መሃል መጮህ ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት የዙሩ መርፌ ይወጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ግን ከቦታዋ ብዙ አትንቀሳቀስም። ከዚያ ያ ሽታ መጣ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

የመጀመሪያው ጋራዥ የት እንደሆነ አልናገርም። ስገባ ሰውዬው ከኋላዬ ሲያይ ቆየ። ሌላ ሰው የሚመጣ መስሎት ነው። “ባለቤትሽ የለም ወይ?” አለኝ። የለም አልኩት። “ወንድም?” ዱባይ ነው አልኩት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ከኔ ጋር ማውራቱን ተወው። ካርቶን አሳየኝ፣ “ኦርጅናል ነው” አለኝ፣ ገንዘቤን ተቀበለ። የወጣውን አሮጌ ሸራ፣ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ማለቴ ነው፣ ስጠይቀው “ምን ያደርግልሻል?” አለኝ። አዲስ የገባውም ሸራ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቆየው። ያው ዳገት፣ ያው ጩኸት፣ ያው ሽታ። ተመልሼ ስሄድ ፈታውና አውጥቶ አሳየኝ፣ አልቋል። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “አነዳድሽ ነው። ሴት ስትነዳ ፍሪሲዮን ትበላለች።” እዚያ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። 22 ዓመት ነድቻለሁ እኮ! በንዴት ያንን የተበላ ሸራ ከእጁ ነጥቄ መኪናው ላይ ወረወርኩት። ያቺ ንዴት በኋላ ጠቀመችኝ፣ እመጣበታለሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። እነሱ አልሰደቡኝም፣ አሞገሱኝ። ኮፈኑን ከፍተው “ውይ! ይሄማ የተነካ ሞተር ነው!” አሉ። በተራ ፍሪሲዮን አይቻልም፣ የውድድር ዓይነት ነው የሚያስፈልገው አሉኝ። ወንድሜን በስልክ አገናኘኋቸው። እሱ ጭራሽ ባሰበት። “ሴራሚክ! ሴራሚክ አስገቢ!” እያለ ይጮኻል። እሱ ዱባይ ሆኖ ይጮኻል፣ ከፋዩዋ እኔ። አንዲት ጊደር ሸጬ ከፈልኩ።

እውነት ለመናገር መንሸራተቱ ቆመ። ግን በምን ዋጋ? ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። ስነሳ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ቀስ ብዬ ልልቀቅ ብል አይሆንም፣ ወይ ትዘላለች ወይ ትጠፋለች። ባለ 50 ሊትር ጣሳዎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ክዳናቸው ይከፈታል። አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ላይ ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጥሩምባ ሲነፋ ወርጄ አየሁ፣ አስፋልቱ ነጭ ሆኗል። ትራፊክ ሲዘጋጋ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ጉልበቴ አብጦ ሀኪም ጋ ሄድኩ። ዶክተሩ “ስፖርት ትሠሪያለሽ ወይ?” አለኝ። አዎ፣ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ አልኩት።

እንዲህ እየሆንኩ ሦስት ወር ገፋሁ። የሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ሱሉልታ ላይ፣ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። አልመለስም አለ።

ወተት ነጋዴ ለሆነ ሰው ያ ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በ55ቱ ቀን ጾም ወተት የሚገዛን የለም። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፣ ትታለባለች። ግማሹን ቅቤ እያወጣን፣ በዱቤ እየሰጠን፣ እየተበደርን ነው የምንከርመው። ያንን ሁሉ የምናካክሰው በፋሲካ ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ወተቱ አዲስ አበባ ካልገባ አለቀ። እና እኔ ሰኞ ዕለት መንገድ ዳር ቆሜ አለቅሳለሁ።

አንድ የባጃጅ ልጅ ነው ያዘነልኝ። “እማማ፣ እዚህ ከኋላ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸው ይሠሩታል” አለኝ። እማማ ማለቱ ትንሽ ቢከነክነኝም አይሱዙ ለምኖ በገመድ አስጎተተልኝ።

ጋራዡ ጋራዥ አይመስልም። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ባሕር ዛፍ። ሰውየው ስልሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔ ደግሞ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ጀመርኩ። ስንት እንደከፈልኩ፣ ማን ምን እንዳለኝ፣ ሴራሚክ፣ ቺፕ፣ ዱባይ። ጋሼ በርጩማ ሰጡኝ። ኮፈኑን አልከፈቱም። ሦስት ነገር ጠየቁኝ።

“ምን ትጭኛለሽ?”

“የት ነው የምትነጂው?”

“ማን ነው የሚነዳው?”

እኔ ነኝ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ከመኪናው ስወርድ ማነከሴን አይተዋል ለካ። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ ዘይት ጨምሮ፣ አየር አስወጥቶ ፔዳሉን ለጊዜው መለሰው። ከዚያ “ግቢና ርገጪልኝ” አሉኝ። ረገጥኩ። “ልቀቂ። ድገሚ።” አሥር ጊዜ ያህል አስረገጡኝ። በሩን ከፍተው ቁጢጥ ብለው የሚያዩት መኪናውን መስሎኝ ነበር። የሚያዩት ጉልበቴን ነው! መጨረሻ ላይ ተነሱና እንዲህ አሉኝ፦

“ይሄንን የሸጠልሽ ሰው አንቺን አላየሽም እህቴ።”

በስድስት ወር ውስጥ ፍሪሲዮኑን ማን እንደሚረግጠው የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ ያንን የተበላ ሸራ አነሱት። ያኔ በንዴት የወረወርኩት፣ እስካሁን መኪናው ላይ ነበረ። አሸተቱት። በአውራ ጣታቸው አሹት። “ይሄ በአነዳድ አልተበላም፣ በዘይት ነው የታጠበው” አሉ። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ሲወርድ እንዳሉት ሆነ። ከሞተሩ ኋላ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ ያፈሳል። የመጀመሪያው ጋራዥ ያንን እያየ ነው አዲስ ሸራ የገጠመበት። ሸራው የሚያርፍበት ክብ ብረት፣ ቮላኖውም በሙቀት ሰማያዊ ሆኖ ላዩ ተሰነጣጥቋል፣ ማንም ለማስላጥ ቶርኖ ቤት አልወሰደውም። “ምንም ኦርጅናል ብታስገቢ እዚህ ላይ አይቆይም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።”

አለቀስኩ። አዎ፣ ለፍሪሲዮን አለቀስኩ። ያቺ “አነዳድሽ ነው” የምትል ቃል ስንት ወር ውስጤ እንደቆየች ያወቅኩት ያኔ ነው።

የቴክኒኩን ነገር ብዙ አትጠይቁኝ። የገባኝን ያህል እነግራችኋለሁ። ሁለቱን ሸራ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። የውድድሩ ላይ የሚይዘው ነገር ዙሪያውን በቁራጭ በቁራጭ የተለጠፈ ነው፣ ብስኩት ይመስላል። እሱ ሲይዝ በአንዴ ነው የሚይዘው፣ ለስለስ ብሎ መነሳት አያውቅም። ስፒንጂዲስኮ የሚሉት፣ ሸራውን የሚጫነው ብረት ደግሞ በጠነከረ ቁጥር ጥንካሬው ተመልሶ የሚመጣው እግር ላይ ነው። ለሜዳ ውድድር ጥሩ ነው አሉ። ወተት ጭኖ በትራፊክ መሃል ለሚንፏቀቅ ሰው ግን ቅጣት ነው። እሳቸው የመረጡልኝ ዙሪያውን ሙሉ ሸራ የሆነ፣ መሃሉ ላይ ስፕሪንግ ያለው፣ ከተለመደው ጠንከር ያለ ጭነት የሚችል ነው። የሚጫነውም ብረት ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ የጠነከረ። ልጁን ከኔ ጋር የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላኩት። ሦስት ሱቅ ዞረን አራተኛው ላይ አገኘነው። ዋጋው የሴራሚኩን ግማሽ አይሞላም። ውድ ውዱን ቢሉኝ ለምኜም ቢሆን እከፍል ነበር እኮ! እሳቸው ግን የሚበቃኝን ነው የነገሩኝ።

አሁን ደግሞ የቺፑ ነገር። ያቺ የክብሪት ሳጥን ጎኗ ላይ መጠን መለወጫ አላት ለካ። ወንድሜ እስከ መጨረሻው አዙሯት ነው የሄደው። ጋሼ ወደ ታች መለሷት። የናፍታ ቱርቦ ጉልበቱ በዝቅተኛ ዙር በአንዴ ነው የሚመጣው፣ ጭነትና ዳገት ሲጨመርበት ፍሪሲዮኑን የሚያሸንፈው ያኔ ነው አሉኝ። ለወንድሜ ስነግረው “አንበሳዬን ገደላችሁት!” ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሁለት ቀን አላናገረኝም።

ማክሰኞ ዕቃ ገዛን። ረቡዕ ቮላኖው ቶርኖ ቤት ገባ፣ ፓራኦሊዮው ተቀየረ። የጸሎተ ሐሙስ ማታ፣ እሳቸው ከስግደት መልስ፣ በባትሪ ብርሃን ጨርሰው አስረከቡኝ። ሳልሰግድ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፔዳሉን ረገጥኩት። ቅቤ። መኪናዋ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ማንም ሳይገፋት እንደምትሄድ ጀልባ።

ግን አንድ ነገር ነበረ። አዲስ ሸራ እስኪለማመድ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት አይቻልም አሉኝ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ንጋት 16 ጣሳ አለኝ። ፊቴን አይተው ሳቁ። “ስምንቱን ጫኚ። ስምንቱን እኔ ይዤልሽ እመጣለሁ።”

እንዲያው ለማጽናናት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በዚያ የጫንጮ ብርድ፣ ጋቢ ለብሰው አሮጌ ፒካፓቸውን ይዘው ደጄ ቆመዋል። ከስቅለት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ሰው፣ አክፋይ ናቸው። ጣሳ አብረውን ጫኑ። እንጦጦን እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን አለፍን። ከኋላዬ ያልሆኑት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው “ፈጥነሽ እንዳትነጂ ነዋ” አሉኝ። ወተቱ አንድ ጠብታ ሳይፈስ ደረሰ። የነዳጅ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። ስለምናቸው ለመፈሰኪያ ሁለት ሊትር ወተት ተቀበሉኝ። ሁለት ሊትር!

ከ800 ኪሎ ሜትሩ በኋላ ተመልሼ አሳየኋቸው። አዩት፣ ነዱት፣ ገንዘብ ግን አልተቀበሉኝም። ተግሣጽ አልቀረልኝም። ዳገት ላይ ስቆም መኪናውን በፍሪሲዮን እንዳልይዝ፣ የእጅ ፍሬን እንድጠቀም። እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ እንዳልነዳ። እና አሥራ ሁለቱ ኩንታል አሥር እንዲሆን። “ፍሪሲዮኑ ይችለዋል፣ ፍሬንሽና ባሌስትራሽ ግን አልሰሙም” አሉኝ። አሁን አሥር ነው የምጭነው። አንዳንዴ አሥር ተኩል፣ እንዳትነግሩብኝ።

ይኸው እስከ ዛሬ እንጦጦን እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መርፌው አይዘልም፣ ሽታ የለም፣ ጉልበቴ ወደ ቦታው ተመልሷል። ወንድሜም ታርቆኛል። ጭራሽ ለክረምት ሲመጣ ጋሼን ልተዋወቃቸው እያለ ነው። ቺፑን እንዳያስነካቸው ነው የምፈራው።

ሞተሩ የተነካ ፒካፕ ያላችሁ፣ ጭነት ላይ ያላችሁ፣ በተለይ እናንተ “ባለቤትሽን ጥሪ” የተባላችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ ወደ ጋሼ ሂዱ። ሌላ ጋ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዴ ያናግሯችሁ። እኔ ጊደሬን ሳልሸጥ ባገኛቸው ኖሮ! አሮጌውን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትጣሉት። ልትዋሿቸው አትሞክሩ፣ ስንት ኩንታል እንደምትጭኑ መኪናውን አይተው ያውቁባችኋል።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የሚሠሩት ከአንድ ልጅ ጋር ነው፣ ወረፋ ይበዛባቸዋል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ “የወተቷ ሴትዮ ናት የላከችን” በሏቸው።