ሳንድዊች ፒኤችዲ፦ ግማሹ አቃቂ፣ ግማሹ ቤልጂየም

"ሳንድዊች ፒኤችዲ ይሻላል ወይስ ጠቅልሎ መሄድ?" የሚል ጥያቄ ከማስተርስ ተማሪዎች በብዛት ይደርሰኛል። በቴክስት የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብና ጊዜ እንደተከፈለበት ማንኛውም አገልግሎት ቁጭ ብዬ ልገምግመው። ትምህርቴ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ ነው። ግማሹን አዲስ አበባ፣ ግማሹን ቤልጂየም ፍሌሚሾቹ (ደችኛ ተናጋሪዎቹ) ጋ ሠራሁት። ነጥቤን ከፊት ላስቀምጥ፦ ከ5 አራት። የጎደለችው አንድ ነጥብ የት እንደሄደች ስታነቡ ታገኟታላችሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ትሄዳለህ፤ ፕሮፖዛል ትጽፋለህ፣ ኮርስ ትወስዳለህ፣ ላቡን (ላቦራቶሪውን) ትለማመዳለህ። ከዚያ አገር ቤት ተመልሰህ ሳምፕል ትሰበስባለህ። በመጨረሻ ደግሞ ተመልሰህ ትተነትናለህ፣ ትጽፋለህ፣ ዲፌንድ ታደርጋለህ። መሃሉ አገር ቤት ስለሆነ ነው ሳንድዊች የተባለው። ደቾቹም ስዊድኖቹም በዚህ መልክ ሠርተውበታል። ጅማ፣ መቀሌ እና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ባላቸው ትብብር ብዙ መምህራን በዚህ መንገድ ተምረዋል።

የእኔ ርዕስ አቃቂ ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው አቃቂን ለማወቅ ላብ አያስፈልገውም፤ አፍንጫ ይበቃዋል። ትንሹ አቃቂ በከተማው ምዕራብ፣ ትልቁ በምሥራቅ በኩል ይወርዱና ሁለቱም አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወደ አዋሽ ነው። በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካ አለ፣ ጋራዥ አለ፣ ወደ ወንዙ የተቀሰረ የሽንት ቤት ቱቦ አለ። ከዚያ በታች ያሉት ማሳዎች ላይ ደግሞ በዚያው ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ይበቅላል። የሚሸጠው ለእኛው ነው። ጥያቄዬም እዚያ ላይ ነበር፤ ቆዳ ለማልፋት የሚገባው ክሮሚየም የት ይደርሳል?

አሁን ወደ ግምገማው። ቤልጂየም ያለው ላብ እውነትም ያስቀናል። አይሲፒ-ኤምኤስ የሚባለው ማሽን አንዲት ጠብታ ውሃ ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ በአንድ ዙር፣ በቢሊዮን ጥቂት ክፍል ደረጃ ይነግርሃል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ቋሚ ቴክኒሽያን አለ። መብራት አይጠፋም፣ አርጎን ጋዙ አያልቅም፣ የተበላሸ ነገር በቀጠሮው ይጠገናል። አገር ቤት ግን ማሽኑ አለ ይባልና መለዋወጫው "በሂደት ላይ" ነው። ለዚህ ክፍል 5 ከ5።

ነገር ግን ብዙ ሰው ሳይነገረው የሚሄድበት ጉዳይ አለ፤ ሁሉም ሳምፕል አይሳፈርም። ብረታ ብረት ለመለካት ውሃውን በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን ከ2 በታች አድርገህ ታቆየዋለህ፤ ወራት ይቆይልሃል። ጥሩ። የክሮሚየም ዋናው ጥያቄ ግን ምን ያህል አለ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ነው። ቆዳ ፋብሪካው የሚጠቀመው ባለ 3 ክሮሚየም ነው፣ ጉዳቱ ቀለል ይላል። ባለ 6 የሆነው ነው ካንሰር አምጪ የሚባለው። እና አሲድ ከጨመርክ፣ በተለይ እንደ አቃቂ ቆሻሻ በበዛበት ውሃ ውስጥ፣ ባለ 6ቱ ወደ ባለ 3 ይለወጥብሃል። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ማሽን ብራስልስ ማዶ ቆሞ ጠቅላላውን ድምር ይነግርሃል እንጂ የሚያስፈራው የቱ ያህሉ እንደሆነ አይነግርህም። እሱን የምታውቀው በዚያው ቀን፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ወይንጠጅ ቀለም በሚሰጥ ርካሽ ኬሚካልና የቀለሙን ድምቀት በሚለካ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ቢኦዲም (ባክቴሪያ ቆሻሻውን ሲያብላላ የሚፈጀው የኦክስጅን መጠን) እንደዚሁ ነው፤ ባክቴሪያው ኦክስጅኑን እየበላ አውሮፕላን አይጠብቅህም። ናይትሬትም ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው። ሰው "ውጭ ሄጄ እለካዋለሁ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የምትለካው ነገር ቦሌን ያልፋል ወይ?

በነገራችን ላይ ነፍሳት ከኬሚካል የተሻሉ ተጓዦች ናቸው። ከወንዙ ግርጌ የምትሰበስባቸው ትንንሽ ነፍሳት በኤታኖል ዓመታት ይቆያሉ። አቃቂ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቀይ ትል የሚመስለው ኪሮኖሚድ የሚባል የማይናከስ ትንኝ እጭ ነው፤ ቅላቱ ከሄሞግሎቢን ነው፣ ኦክስጅን ባነሰበት የሚያኖረውም እሱ ነው። በውስጡ በሚገኙት ነፍሳት ዓይነት የወንዙን ጤና የሚለካ፣ ለኢትዮጵያ ደጋማ ወንዞች የተሠራ ኢትባዮስ የሚባል የነጥብ አሰጣጥ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ። የአውሮፓ ሰንጠረዥ ወስዶ አቃቂ ላይ መለጠፍ ዲፌንስ ላይ ያስጠይቃል። ነፍሳቱን ከአገር ለማውጣት ግን ከኢትዮጵያ ብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን በመጀመሪያው ወር ጀምሩት። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ አይጀመርም።

የጎደለችው ነጥብ የሄደችው ወቅት ላይ ነው። የቤልጂየሙ ቆይታ የሚወሰነው በበጀት ዓመት ነው፤ ወንዙ ደግሞ በጀት ዓመት አያውቅም። በበጋ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አቃቂ ውስጥ የሚሄደው በአመዛኙ ከከተማው የወጣ ፍሳሽ ነው። ነሐሴ ላይ ጎርፉ ሁሉን ያቀጥነዋል። ሰኔ ላይ ግን የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የመንገዱን፣ የቱቦውንና የፋብሪካ ግቢውን ክምችት ጠራርገው ስለሚያስገቡት የሰኔው ቁጥር ከነሐሴው ጋር አይገናኝም፤ ለእኔ ጥናት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ያ ሳምንት ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? የፕሮጀክቱ ሒሳብ ሳይዘጋ ጉዞው መወራረድ አለበት ተባለና ሰኔን ቤልጂየም አሳለፍኩት። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ቤልጂየም ሰው የለም! ፕሮሞተሬ (የዚያው አማካሪዬ) እረፍት ላይ፣ ቴክኒሽያኑ ደቡብ ፈረንሳይ፣ የላቡ ኮሪደር ጭር። ዝናቡ አዲስ አበባ፣ እኔ ባዶ ላብ ውስጥ። አንድ ዓመት ተራዘመብኝ። ይህ የአንድ ፕሮጀክት ብቻ ችግር አይመስለኝም፣ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ነገር ነው የሚያወሩት። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የጉዞውን ካላንደር ከዝናቡ ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ተከራከሩ። ያኔ ይሰሟችኋል፣ ከፈረማችሁ በኋላ ግን አይሰሟችሁም።

ከላቡ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ያልጠበቅኩት ነገር ነው፤ የብራስልስ ወንዝ። ብራስልስ ወንዝ አላት። ዜነ ይባላል። ብዙ ቱሪስት አያየውም፣ ምክንያቱም ከ1867 እስከ 1871 (እ.ኤ.አ.) ድረስ መሃል ከተማው ላይ በግንብ ሸፍነው ከላዩ ሰፊ ጎዳና ሠርተውበታል። ሽታውና ኮሌራው ሲያስቸግራቸው ደፈኑት፣ አለቀ። የከተማው ፍሳሽ ግን ከሥር መፍሰሱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ማጣሪያ ጣቢያ፣ የደቡቡ፣ ሥራ የጀመረው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቁ የሰሜኑ ጣቢያ ደግሞ በ2007። ልብ በሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ፣ ለሌላው አገር የውሃ መመሪያ የሚጻፍበት ከተማ፣ እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ ይለቅ ነበር። በ2009 ዲሴምበር ደግሞ የሰሜኑን ጣቢያ የሚያስተዳድረው ኩባንያ ሥራ አቁሞ ፍሳሹ ለቀናት እንዳለ ወንዙ ገብቷል። አሁን ዓሣ ተመልሷል።

ይህን ሳነብ ስለ አቃቂ የነበረኝ አስተሳሰብ ተለወጠ። ከኢትዮጵያ ስንወጣ "እነሱ ጋ ሁሉም ነገር አልቋል፣ እኛ ጋ ባህላችን ነው ችግሩ" የሚል ነገር በጭንቅላታችን ይዘን ነው። አይደለም። እነሱም ባለጸጋ ሆነው ከመቶ ዓመት በላይ ዝም ብለው ኖረዋል። ወንዙን ያዳነው ቱቦ፣ ማጣሪያና አስገዳጅ ሕግ ነው። የኅብረቱ ሕግ ከተሞቻቸው ማጣሪያ የሌላቸውን አገሮች ፍርድ ቤት ያቆማል። እኛ ቃሊቲ ላይ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ የሚያጣራ ጣቢያ አለን፤ ጥያቄው ስንት ቤት ከቱቦው ጋር ተገናኝቷል የሚለው ነው። የወንዝ ዳር መናፈሻው ያማረ ነው፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ግን ዳሩን አሳምሮ መሃሉን መተው ምን እንደሚመስል ብራስልስ ቀድማ አሳይታናለች።

ፍላንደርስ (የፍሌሚሾቹ ክልል) ዛሬም ቢሆን ንጹሕ ነው ብላችሁ እንዳትሄዱ። በአሳማና በከብት ፍግ ብዛት የከርሰ ምድሩም የወንዙም ውሃ ናይትሬት በዝቶበታል፤ በኅብረቱ መለኪያ ጥሩ የሚባል ደረጃ የደረሱ ወንዞቻቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። አንትወርፕ አጠገብ ዝዌይንድሬክት የምትባል ቦታ ፒፋስ በሚባሉ በቀላሉ በማይበሰብሱ ኬሚካሎች መበከሏ በ2021 ይፋ ወጥቶ ነዋሪው የጓሮ ዶሮውን እንቁላል እንዳይበላ ተመክሯል። ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ይሄ ወርቅ ነው። የተበከለ ሀብታም አገር ምን እንደሚያደርግ፣ ማን እንደሚከስ፣ ማን እንደሚከፍል በዓይንህ ታያለህ።

ስለ ገንዘብ። ቤልጂየም ስትሆን የሚሰጠው አበል ቆጥቦ ለሚኖር ይበቃል፤ ኮት (እዚያ የተማሪ ክፍል ማለት ነው) ተከራይተህ፣ ራስህ አብስለህ፣ ብስክሌት ገዝተህ። አገር ቤት ስትመለስ ነው ነገሩ የሚጠበው። የመስክ በጀት በብር ተይዞ ከሆነ ብሩ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሬጀንት (የላቦራቶሪ ኬሚካል) በዶላር፣ መኪና ኪራይ በነዳጅ ዋጋ ሲሄድ እቅዱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። በጀታችሁ በዩሮ እንዲያዝ ጠይቁ። መምህር ከሆናችሁ ደግሞ ዩኒቨርሲቲያችሁ ውል ያስፈርማችኋል፣ ዋስ ያስጠራችኋል። ዋሱ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም የድሮ ጓደኛ ነው። ለእሱ ስትሉ ውሉን አንብቡት።

አማካሪዎችን በተመለከተ ሁለት መሆናቸው ጥሩም መጥፎም ነው። የውጭው ፕሮሞተር ረቂቁን በሳምንቱ ቀይ አድርጎ ይመልሳል፣ አቃቂን ግን በካርታ ነው የሚያውቀው። የአገር ቤቱ ሰፈሩን፣ ገበሬውን፣ ለወረዳው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል፤ ግን ዲን ነው፣ ኮሚቴ ነው፣ ስብሰባ ላይ ነው። ሁለቱ በዙም በወር አንዴ እንዲገናኙ ከመጀመሪያው አስለምዷቸው፣ አለዚያ በመሃላቸው ደብዳቤ አመላላሽ ትሆናላችሁ። የፐብሊኬሽን ክፍያም በጊዜ ይነሳ፦ ብዙ አሳታሚዎች እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን አንዳንዱ ሁሉም ደራሲዎች ከእነዚያ አገሮች እንዲሆኑ ይፈልጋል። የቤልጂየም ስም አብሮ ሲገባ ምሕረቱ ይቀራል። ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሁን።

ለማን ነው የምመክረው? ጥያቄው አገር ቤት ለሆነ ሰው። ወንዝ፣ ሐይቅ፣ አፈር፣ እምቦጭ፣ የከተማ ቆሻሻ። ትንንሽ ልጆች ያሉትም ሰው ዓመታትን በሙሉ ውጭ ከመቅረት ይሄ ይሻለዋል። ሞዴሊንግ ወይም ንጹሕ የላብ ሥራ የሚፈልግ ግን ጠቅልሎ ይሂድ፤ መመላለሱ ትርፉ ድካም ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት ዲፕሎማው የአንዱ ነው የሁለቱ የሚለውንም አጣሩ። የጋራ ዲግሪ ከሆነ የተለየ ስምምነት ይፈረማል፤ ቤልጂየም ውስጥ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር መቀመጥ ይጠየቃል። "በኋላ እናስተካክላለን" ካሏችሁ አይስተካከልም። ጽሑፍ ላይ የምትጠቀሙበትን ስምም ያኔውኑ ወስኑ፤ እነሱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙት አንዱ ጽሑፍ በአባት፣ ሌላው በአያት ስም ይወጣና ሁለት ሰው ትሆናላችሁ። እና ቤት ስትከራዩ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስማችሁን ለጥፉ። የሰፈሩ ፖሊስ መኖራችሁን ሊያጣራ ይመጣል፤ ስም ካላየ የመኖሪያ ካርዱ ይዘገያል፣ ካርድ ሳይኖር ደግሞ የባንክ ሒሳብ መክፈት ጣጣ ነው፣ አበሉ የሚገባው ደግሞ በባንክ ነው።