ጀነሬተራችን የት እንዳለ የሚናገር ራውተር

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጀነሬተር እናከራያለን። ተጎታች ላይ የተጫኑ ናቸው። ዛሬ ገላን፣ ነገ ሰበታ፣ ከዚያ ደግሞ ሱሉልታ። ሹፌሩ ሲደወልለት መልሱ አንድ ነው፦ «ደርሻለሁ!» አለቃችን ጋሼ ይኼ ነገር ሲሰለቻቸው ቴልቶኒካ አርዩቲ955 አስገዙን። የሊትዌኒያ ኩባንያ የሚሠራው የኢንዱስትሪ ራውተር ነው። ሁለት ሲም ይይዛል፣ በ4ጂ ይሠራል፣ በአርኤስ485 ገመድ ከጀነሬተሩ መቆጣጠሪያ ጋር ይነጋገራል፣ ጂፒኤስም አለው። ወድጄዋለሁ። ግን ሲም ስለከተታችሁበት ብቻ ቦታውን አይነግራችሁም።

ጂፒኤሱን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ። ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብላችሁ ገብታችሁ፣ ሰርቪስ ከሚለው ሥር ጂፒኤስን ታገኙታላችሁ። ይኼ ቀላል ነው። ጣጣው ያለው አንቴናው ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የገጠመልን ኤሌክትሪሺያን አንቴናውን ከራውተሩ ጋር አድርጎ የጀነሬተሩ ሳጥን ውስጥ ለጠፈው። እንዳይሰረቅ ብሎ ነው፤ አይፈረድበትም። ግን ሳጥኑ ላሜራ ነው። የሳተላይት ሲግናል ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ተዳክሞ ነው የሚደርሰው። ላሜራ አያልፍም። ራውተሩ ወደ ሰርቨራችን የሚልከው የጽሑፍ መስመር ላይ «ቪ» የምትል ፊደል ካያችሁ ቦታውን አላወቀም ማለት ነው። ሲያውቅ «ኤ» ትሆናለች። ገመዱን በቀዳዳ አውጥተን አንቴናውን ክዳኑ ላይ ለጠፍነው፣ ቀዳዳውን በሲሊኮን ደፈንነው፣ «ኤ» መጣች። የጂፒኤሱና የ4ጂው አንቴና መግቢያ ጥርሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከማሰራችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ እዩ።

ቀጥሎ በስንት ጊዜ ይላክ የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዳታውን በከንቱ ይጨርሳል። የሚላኩት ኤንኤምኢኤ በሚባለው የጂፒኤስ መረጃ አጻጻፍ የተጻፉ መስመሮች ናቸው፤ አንዱ እስከ 82 ፊደል ይይዛል። አምስቱን ዓይነት በየ5 ሰከንዱ ካስላካችሁ በወር ከ200 ሜጋባይት በላይ ይሄዳል። ለዚያውም ቆሞ ለሚውል ጀነሬተር! አርኤምሲ የምትባለዋን ብቻ በየደቂቃው ብትልኩ ወደ 5 ሜጋባይት ነው። ቦታው፣ ሰዓቱና ፍጥነቱ እሷው ላይ አለ። ፍጥነቱ ግን በኖት፣ በመርከበኞች መለኪያ ስለሆነ፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማግኘት በ1.852 አባዙት። አለዚያ ተጎታቹ በ50 እየበረረ 27 ይላችኋል።

ሰዓቱም የራሱ ነገር አለው። የሚልከው የግሪንዊቹን ነው። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን፣ አቆጣጠራችን ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ስለዚህ በኛ ሰዓት ለማንበብ 3 መቀነስ ነው። 6 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ አለቀ።

ትልቁን ራስ ምታት ያመጣው ግን የቦታው ቁጥር ነው። ሰርቨሩን የሠራልን ልጅ በሰሜን በኩል 0852.8 የሚለውን 8.528 ዲግሪ ብሎ አነበበው፤ ምሥራቁንም እንደዚያው። ካርታው ላይ ጀነሬተሩ ግቢያችን ቆሞ ሳለ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ ቡታጅራ አቅጣጫ ታየ። ጋሼ ሊደነግጡ! ቁጥሩ 8 ዲግሪ ከ52.8 ደቂቃ ማለት ነው። 52.8ን ለ60 ስታካፍሉ 0.88 ይመጣል፣ ስለዚህ 8.88። አሁን ነጥቧ ግቢያችን ላይ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ተራ የሞባይል ሲም ብዙ ጊዜ የራሱ የአደባባይ አይፒ፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገኝበት አድራሻ፣ የለውም፤ ከውጭ ደውላችሁ አትገቡበትም። ስለዚህ ሰርቨሩ እስኪጠይቀው አትጠብቁ፤ ራውተሩ ራሱ እየገፋ እንዲልክ አድርጉት። ዳታ ሲቋረጥ ደግሞ በኤስኤምኤስ ጠይቃችሁት ቦታውን ይመልሳል። እኔ በጣም የወደድኩት ይኼን ነው። ሹፌሩ ግን አልወደደውም፣ ለምን እንደሆነ እናንተ ገምቱ።

ባትሪውን አደራ። ራውተሩ ከ9 እስከ 30 ቮልት ይቀበላል ይላል። ባለ 24 ቮልቶቹ ላይ ምንም አላስቸገረንም። ባለ 12 ቮልት ጀነሬተር ላይ ግን ባትሪው ካረጀ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ቮልቱ ከ9 በታች ይወርድና ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ያኔ ሳተላይት ፍለጋውም እንደገና ነው። እኛ ለራውተሩ ብቻ ትንሽ ባትሪ ለየንለት።

ፍላጎታችሁ የአንዲት መኪና ቦታ ማወቅ ብቻ ከሆነ ይኼን አትግዙ፤ ትንሿ ትራከር ትበቃችኋለች፣ በዋጋም ትረክሳለች። የነዳጅ መጠኑንና የሞተሩን ሙቀት አብራችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ይከፈልበታል።