«28 ዴይስ ሌተር»፦ የ1 ፓውንዱ ዲቪዲ ወይስ የ40 ፓውንዱ ብሉሬይ?

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ያለ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሰላምታችን በቅጡ ሳያልቅ «ስማ፣ ያንን የእንግሊዝ ሆረር ፊልም ብሉሬዩን በ60 ዶላር አገኘሁት፤ ልግዛው?» አለኝ። ፊልሙ «28 ዴይስ ሌተር» ነው፤ ብሉሬይ የሚባለው ደግሞ ከዲቪዲ የጠራ ምስል መያዝ የሚችል ዲስክ ነው። «ተው፣ እንዳትገዛ!» አልኩት። ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ እሱ አምስተኛው ሰው ነው። ሦስተኛው ክፍል በ2025 ሲኒማ ቤት ከገባ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። አይቶ ብቻም አይበቃውም፣ መደርደሪያው ላይ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክለት።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው፦ ዲቪዲውን ግዙ።

እኔ የምኖረው ለንደን ነው። እዚህ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡባቸው ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ዲቪዲውን እዚያ በ1 ፓውንድ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴ በ50 ፔንስ። ለሰው ስጦታ እያልኩ እስካሁን አራት ገዝቻለሁ። አራቱም ተደምረው የወጣብኝ 3 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ነው። ብሉሬዩ ደግሞ በ2007 ወጥቶ ከዚያ ለዓመታት ከሱቅ ጠፋ። ሲጠፋ ዋጋው ሰማይ ወጣ። ያገለገለውን በ25 ፓውንድ፣ ያልተከፈተውን በ40 እና ከዚያም በላይ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። በ40 ፓውንድ አርባ ዲቪዲ ይገዛል። ሰው ይህን ያህል የሚከፍለው ዲስኩ ስለተወደደ ምስሉም የተሻለ እየመሰለው ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ።

ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል ይህን ፊልም በ2002 ሲያወጣ በትልቁ የሲኒማ ካሜራ አልቀረጸውም። የተጠቀመው ካነን ኤክስ ኤል 1 የሚባል፣ ትንሽ ካሴት የሚጎርስ ዲጂታል ካሜራ ነው። በዚያ ዘመን ሰርግ የሚቀርጹ ባለሙያዎች እጅ ላይ የሚታይ ዓይነት ካሜራ ነበር። ምክንያት ነበረው። ዋናው ተዋናይ ሲሊያን መርፊ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፣ በባዶው የዌስትሚኒስተር ድልድይ ላይ ብቻውን ሲሄድ ታስታውሱታላችሁ። ያ ድልድይ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ፖሊስ ማለዳ ላይ መኪና የሚያስቆምላቸው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ትልቁን ካሜራ ተክሎ እስኪያስተካክሉ ጊዜው ያልቃል። ትንንሾቹን ግን ብዙ አድርጎ በየማዕዘኑ አቁሞ በአንዴ መቅረጽ ይቻላል።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቱ። ምስል ከላይ እስከ ታች በተደረደሩ መስመሮች ይሠራል፤ መስመሩ ሲበዛ ምስሉ ይጠራል። ያ ካሜራ በአውሮፓው ደረጃ የሚቀርጸው ምስል 576 መስመር ነው። የአውሮፓው ዲቪዲም 576 መስመር ነው። ብሉሬይ 1080 ይይዛል። የቀረው ከየት መጣ? ማሽን አስልቶ የሞላው ነው። ወተት ላይ ውሃ ብታክሉበት ዕቃው ይሞላል እንጂ ወተቱ አይበዛም።

በወሬ ብቻ እንዳይሆን ሁለቱንም ቤት ውስጥ ሞከርኳቸው። ብሉሬዩን ከጎረቤት ተዋስኩ። ባለቤቴን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልነግራት ሦስት ትዕይንት አሳየኋት። ሁለቱን ተሳሳተች። ሦስተኛውን ግን ሳታመነታ «ይሄ ይበልጣል» ብላ ብሉሬዩን መረጠች። ልክ ናት። የፊልሙ የመጨረሻ ደቂቃዎች ከትንሹ ካሜራ የበለጠ ዝርዝር በሚይዘው የ35 ሚሊሜትር የሲኒማ ፊልም የተቀረጹ ናቸው። ያን ጊዜ የገጠሩ ሣርና ሰማዩ ብሉሬይ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የብሉሬዩ ድምፅም ይሻላል። በተለይ በጆን መርፊ ሙዚቃ የታጀበው፣ ዝናብ የሚወርድበት የቤተ መንግሥት መሳዩ ቤት ሌሊት ጥሩ ስፒከር ላለው ሰው ያስደነግጣል። ይህን አልክድም። ግን ጥቂት ደቂቃ ሣርና የተሻለ ድምፅ 39 ፓውንድ ያወጣል? ለእኔ አያወጣም።

ዲቪዲውን የምታዩት በትልቅ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ የምስል ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን ቅንብር (ሻርፕነስ) ወደ ታች አውርዱት። ካልሆነ የፊቶቹ ጠርዝ ነጭ ክር ያወጣል። ፊልሙ በተፈጥሮው ሻካራ ነው፤ እንዲሻክር ተፈልጎ ነው የተሠራው። ከለንደን ባዶነት ጋር የሚሄደውም ያ ሻካራነት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት እኔም ብሉሬዩን ገዝቼ ነበር። ኢንተርኔት ላይ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» ተብሎ በ38 ፓውንድ ወጣ። ከፈልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ፕላስቲኩ በእርግጥም አልተከፈተም ነበር። ውስጡ ግን የተቀዳ ዲስክ ነው። ሻጩን ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። ዳግም ጻፍኩ፣ ስሙ ከገጹ ጠፋ። ገንዘቤ በዚያው ቀረ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሽፋኑን እዩ። የተቀዳው ሽፋን ላይ ደቃቁ ጽሑፍ፣ ከኋላ በኩል ከታች ያለው፣ ይደበዝዛል። የእንግሊዝ ከሆነ የዕድሜ ገደቡ ክብ ምልክት ቀይ ነው፣ 18 ይላል፤ በኮፒው ላይ ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። ቀጥሎ ዲስኩን ገልብጡት። ፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ እንደ መስተዋት ብርማ ነው። የተቀዳ ዲቪዲ ወደ ሐምራዊ ይወስደዋል። ብሉሬይ ላይ በቀለም መለየት ከባድ ስለሆነ የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ትክክለኛው እዚያ የተቀረጸ ቁጥርና ባርኮድ የሚመስል ነገር አለው። የእኔው ላይ የነበረው የባዶ ዲስክ አምራች ኮድ ብቻ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስትገዙ ሻጩን «የዲስኩን ጀርባ ፎቶ ላክልኝ» በሉት። የማይልክ ሻጭ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ኮፒ የሆነ ዲቪዲም አለ፣ ግን በ1 ፓውንድ ዕቃ ላይ ማን ይደክማል? አጭበርባሪ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ይህም ራሱ ዲቪዲውን ለመምረጥ አንድ ምክንያት ነው። ድንገት ቢያጋጥማችሁ ግን በተጨማሪዎቹ ታውቁታላችሁ። ዋናው ዲቪዲ እስከ 8.5 ጊጋባይት ሊይዝ ይችላል፣ ርካሹ ባዶ ዲስክ 4.7 ብቻ። ፊልሙን በትንሹ ዲስክ ላይ ለማብቃቃት ሲሉ መጀመሪያ የሚጥሉት ተጨማሪዎቹን ነው። ቦይልና ጸሐፊው አሌክስ ጋርላንድ በፊልሙ ላይ የሚሰጡትን ማብራሪያ፣ ለፊልሙ የተሠራውን ሌላ መጨረሻ ሁሉ ቆርጠው ያወጡታል።

ጥገናውም አለ። የብሉሬይ ማጫወቻዬ ዓምና ዲስክ ማንበብ አቆመ። ሠሪው ከፍቶ አየና «ሌንሱ ደክሟል» አለኝ። መቀየሪያው 45 ፓውንድ። ተውኩት። ከዚያው የበጎ አድራጎት ሱቅ ዲቪዲ ማጫወቻ በ8 ፓውንድ ገዛሁ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጭረትንም አስቡ። የዲቪዲ መረጃ ያለው ዲስኩ ውፍረት መሃል ላይ ስለሆነ ላዩ ቢጫር በማሽን አለስልሰው ይመልሱታል። የብሉሬይ መረጃ ግን ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ጠንካራ ሽፋን አለው፣ በቀላሉ አይጫርም። ያንን አልፎ ከተጫረ ግን የሚፋቅ ነገር የለም። ያገለገለ ብሉሬይ በ25 ፓውንድ ገዝታችሁ መሃል ላይ ቀጥ ቢል ኪሳራው የእናንተ ነው።

የአገር ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዲቪዲ ዓለምን በቁጥር በተሰየሙ ክልሎች ይከፋፍላል፤ ማጫወቻ የሌላ ክልል ዲስክ ላያነብ ይችላል። የለንደኑ ዲቪዲ ክልል 2 ነው። እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮችም በዚያው ክልል ናቸው፤ እዚያ ያላችሁ ከእንግሊዝ ብታስመጡ ይሠራላችኋል። ኢትዮጵያ በወረቀት ላይ ክልል 5 ናት። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልኬለት ማጫወቻው ምንም ሳይል አንብቦታል። የእናንተው ግን ክልል የሚለይ እንዳይሆን አስቀድማችሁ በሌላ አገር ዲስክ ሞክሩት። አሜሪካ ክልል 1 ነው፣ የምስል ደረጃውም ሌላ ነው። እዚያ ያለ ሰው የእንግሊዙን ዲስክ ቢገዛ አብዛኛው ማጫወቻ አይቀበለውም። የአሜሪካውን ዲቪዲ ይግዛ። 480 መስመር ስለሆነ ትንሽ ይቀንሳል፣ ሆኖም ከ60 ዶላሩ ይሻለዋል።

«ኦንላይን ብከራየውስ?» የሚል አለ። ይቻላል። ፊልሙ ከዲጂታል መሸጫዎች ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ተመልሷል። አንድ ጊዜ ለማየት ብቻ ከሆነ ተከራዩት። እኔ ግን አንዴ የጠፋ ነገር ዳግም ሊጠፋ ይችላል ብዬ አስባለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ማንም አያነሳብኝም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ምክሬ ይገለበጣል። እሱ በ2007 በሌላ ዳይሬክተር፣ በፊልም ካሜራ የተቀረጸ ነው፤ ስለዚህ ብሉሬዩ በትክክል ይበልጣል። ያገለገለውን በ3 ፓውንድ ነው የገዛሁት።

ፊልሙን ላላያችሁ አንድ ነገር፦ ደም ይበዛበታል። ቁጣን የሚያስተላልፍ ቫይረስ ነው ታሪኩ። በበሽታው የተያዘ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ይለወጣል፣ ደግሞ ይሮጣል። 18 የተባለው በምክንያት ነው። ልጆች ተኝተው እዩት።

የሜሪላንዱ ጓደኛዬ ትናንት መልእክት ልኮልኛል። የአሜሪካውን ዲቪዲ ከነመላኪያው በ7 ዶላር ገዝቷል። ሌሊቱን አይቶ ጨርሶ «መጨረሻው ጥሩ ነው» አለኝ። ተጨማሪዎቹ ውስጥ ገብተህ ሌላውን መጨረሻ እየው፣ ጀግናው ሆስፒታል ውስጥ የሚሞትበትን፣ አልኩት። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ፊልሙ እየታየ እያለ ሲኒማ ቤት ከስም ዝርዝሩ በኋላ ጨምረውት የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ማታ ሊያየው ነው።